መፈለጊያውን የተከልኩበት ክረምት

ሰኞ፣ ዝናቡ የገባ ሰሞን

ነገሩ ተቆረጠ። ለፎረሙ አዲስ መፈለጊያ እተክላለሁ። ዛሬ ለአባላት ሁሉ በይፋ ስለጻፍኩት ማፈግፈግ የለም።

ፎረማችን ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የምንጠቀም ሰዎች የምንጠያየቅበት መድረክ ነው። ሰርቨሩ፣ ማለትም የዓመታት ጥያቄና መልስ የተከማቸበት ማሽን፣ እኛ ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። መሥራቹ ቢሮ ሲቀይር "ለጊዜው አንተ ጋ ይሁን" ብሎ አምጥቶት ነበር፤ ጊዜው እስካሁን አላለቀም። ጠባቂው እኔ ነኝ። ቀን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ ይሄን። የሁለተኛው ሥራ ደመወዝ ምስጋና ነው፤ እሱም ሲያስታውሱ ነው።

አሮጌው መፈለጊያ ከሞተ ቆይቷል። "ፕሪንተር" ብለው ሲፈልጉበት አንድ አባል ልጁን የዳረ ጊዜ የጻፍንለትን የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ያመጣል። እኛ አወያዮች ግን አዲስ ሰው ጥያቄ ይዞ በመጣ ቁጥር "ከመጠየቅህ በፊት ፈልግ፤ ተመልሷል" እንለዋለን። ገመድ የሌለው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ "ቅዳና ጠጣ" እንደማለት ነው። ይሄን ያህል ጊዜ ማንም አልታዘበንም። ወይም የታዘበን ሰው ተመልሶ አልመጣም።

ረቡዕ

ተከልኩት። ተነሣ። ሞተ።

ምክንያቱ ሚሞሪ ነው። መፈለጊያው ሆዳም፣ ማሽኑ ድሃ። ሚሞሪ ሲያልቅበት ሊኑክስ ራሱ ከሚሠሩት ፕሮግራሞች መሃል ሆዳሙን መርጦ ይገድለዋል። ጠዋት አስነሣዋለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሬሳውን አገኘዋለሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ባለቤቴ ከፋርማሲዋ ስትመለስ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ "አባዬን ዛሬ አሳየኸው?" አለችኝ። አባዬ የምትለው አማቴን ነው። ዕድሜ ልካቸውን የግንበኞች ፎርማን ነበሩ፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እኛ ጋ ናቸው፣ ከዕቃ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል። ጊዜ እንዲገፉበት ብላ ፋርማሲው የጣለውን ላፕቶፕ አምጥታላቸው ሊኑክስ ጫንኩበት። አጠቃቀሙን ማሳየት ነው የቀረው።

"ቅዳሜ" አልኳት።

"ያለፈውም እኮ ቅዳሜ ነበር" አለች።

ሴት ልጅ አባቷን ስትወድ ሌላው ሰው ሥራ ያለው አይመስላትም።

ዓርብ፣ ጠዋት

የራሴን ኮምፒውተር ሚሞሪ ነቅዬ ለሰርቨሩ ሰጠሁ። የኔው አሁን ይንፏቀቃል። መፈለጊያውን ከግማሽ በላይ እንዳይበላ ልክ አበጀሁለት። አልሞተም። እስካሁን።

አማቴ ኮሪደር ላይ "ልጄ፣ ላስቸግርህና" ብለው ጀመሩ። "ቅዳሜ፣ አባባ" አልኩና ወጣሁ። ረፍዶብኝ ነበር። ሲያሳዝኑኝ ዋሉ፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ። ከዚያ ስብሰባ ገባሁ።

ቅዳሜ

ላሳያቸው ብድግ ስል ትናንት ሰርቨሩ ላይ ለሙከራ የከፈትኩትን የኔትወርክ በር ሳልዘጋ እንዳደርኩ ትዝ አለኝ። መፈለጊያው ከዚሁ ማሽን በቀር ማንንም መስማት አልነበረበትም፤ እኔ ግን ዓለም ሁሉ እንዲያዘው ክፍት ትቼው አድሬያለሁ። ቀኑ እሱን ስዘጋና የሰው እጅ አለመግባቱን ስመረምር አለቀ።

እሳቸው ዕቃ ቤት ድረስ መጡ። ውሃ ልካቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ሰርቨሩ የተቀመጠበት መደርደሪያ ላይ አጋድመው አረፋዋን አዩና "ወደ ግራ ያዘነብላል" አሉኝ። ካርቶን አጥፈው ከእግሩ ሥር ወሸቁለት።

"ይሄ ሁሉ ድካም ምን ሊያመጣ ነው?" አሉ።

"የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ ማውጫ ይሠራል፤ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደሚኖረው ዓይነት። ሰው አንድ ቃል ሲጽፍለት ያ ቃል ያለበትን ሁሉ ያወጣለታል።"

"የጻፈውን ሰውስ ያገኝለታል?"

"ጽሑፉን ነው እንጂ ሰው አይፈልግም፣ አባባ።"

"እሱም አንድ ነገር ነው" አሉና ትንሽ ቆመው ሄዱ። ሰው ሥራ ሲይዝ ያውቃሉ፤ ይሄ ነው የምወድላቸው። ፎርማን አይደሉ እንዴ?

ማክሰኞ

ፎረሙ ላይ አዲስ አባል መጣ። ራሱን "ቱንቢ" ይላል። የግንበኛ ዕቃ ነው መሰለኝ፤ ሰው ቅጽል ስም አልቆበታል። ጥያቄው እንደ ማመልከቻ ነው፦ "የተከበራችሁ አባላት፣ ጤና ይስጥልን። ላስቸግራችሁና፣ ፊደሉ ለዓይኔ አነሰብኝ። የሚተልቅበት መንገድ ካለ ብትጠቁሙኝ።"

"ተመልሷል። ፈልግ" ብዬ ጻፍኩለት።

ወዲያው "አመሰግናለሁ። የት ነው የምፈልገው?" አለ።

እውነቱን ለመናገር መልስ የለኝም፤ መፈለጊያው ገና አንዲት ገጽ አላነበበም። በሁለት መስመር መለስኩለትና ተገላገልኩ። የምስጋናው ርዝመት ከመልሴ ይበልጣል።

ሐሙስ

ባለቤቴ ወጥ ቤት በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ከአክስቷ ጋር ነው፣ ከአማቴ ታናሽ እህት ጋር። ሴትዮዋ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነው ያሉት፤ "ወንድሜ ከኔ ጋር ይኑር" ማለት ጀምረዋል።

"ዝናቡ ያባራና አስብበታለሁ አለኝ" ትላለች ባለቤቴ ድምፅዋን ቀንሳ። "አክስቴ፣ አንቺ እኮ ቀን ሱቅ ነሽ። እዚያ ከሄደ አራት ግድግዳ ነው የሚጠብቀው። እማዬ የሞተች ጊዜ ምግብ ትቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። እዚህ መጥቶ ነው አፉን የከፈተው። ከሄደ አይመለስም።"

ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "ሰው እንዳለው እንዲሰማው ብቻ ነው የምፈልገው" አለችኝ። እኔም ልክ ነሽ አልኳት። ሰው የለውም እንዴ? ሁለታችንም እዚሁ ነን።

እሑድ፣ ማታ

ቱንቢ አላስቆም አላስቀምጥ አለን። "ላስቸግራችሁና፣ ማሽኑን የማጠፋው ተጭኜ ነው ወይስ አዝዤ?" "ላስቸግራችሁና፣ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ማስገባት ነውር አለው?" ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለት። ሁሉንም የምመልሰው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ሰልችቶታል። ዛሬ ለአንዱ "ወንድሜ፣ ጣትህን ከማሰማራትህ በፊት አስብ" ብዬ ጻፍኩለት። "ትክክል ነው፣ አስባለሁ" ብሎ ሌላ ጠየቀ።

አወያዮች ብቻ የምንገባበት የተዘጋ ክፍል አለን፤ ጓዳ እንለዋለን። አባላቱ መኖሩን እንጂ ውስጡን አያውቁም። ማታ ብሎን ገባ። ብሎን አብሮኝ የሚያወያየው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀልዱ እንደ ሥራው ነው፣ ሳይታሰብ ይይዝሃል። ስለ ቱንቢ አማረርኩለት። እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦ "ይሄ ቱንቢ የሚሉት ሰውዬ የሚለማመደው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እኛ ላይ ነው። ጡረተኛ ነው መሰለኝ፣ ቤት ውስጥ የሚያናግረው አጥቶ። ቤተሰቡ ግን ምን ዓይነት ሰዎች ቢሆኑ ነው?"

ብሎን "የቱንቢ ልጆች መጥተው አባታቸውን ይረከቡልን" ብሎ መለሰ። ብቻዬን ሳቅኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት "ምን ያስቅሃል?" አለች። "ሥራ ነው" አልኳት።

ረቡዕ

ማውጫው መሠራት ጀመረ። መፈለጊያው ፎረሙን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያነበበ ነው። በማን መብት ገብቶ እንደሚያነብ ጠየቀኝ፤ የራሴን ሰጠሁት። በኔ ቁልፍ የማይከፈት ክፍል የለም፣ መሃል መንገድ ላይ "ተከለከልኩ" ብሎ አያቆምብኝም። እንዲህ ዓይነቷን ነገር ቀድሞ ማሰብ ነው ልምድ የሚባለው።

የማሽኑ ፋን ቀንና ሌሊት ይጮኻል። ባለቤቴ "አባዬ እንዴት ይተኛል?" ብላ ተቆጣች። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"አይረብሸኝም" አሉ። "ሰው ያለ ያስመስላል።"

ይኸው። ቅሬታ ያላት እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ

እያነበበ ነው። ከአጠገቡ መራቅ አልቻልኩም። አማቴ አልጠየቁኝም፤ ራሳቸውን ችለው ሲተይቡ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ለካ ማሳየትም አያስፈልጋቸውም ነበር።

ማክሰኞ

ከፈትኩት። ሠራ!

"ፕሪንተር" ሲሉት ፕሪንተር ያመጣል። አባላቱ ሲጎርፉ ዋሉ። ሰው መፈለጊያ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነው፤ ሁሉም የየራሱን ቅጽል ስም እያስገባ ድሮ የጻፈውን እያየ ይደነቃል። መሥራቹ "አኩርተኸናል" ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ የሱ ነገር።

ሐሙስ

ከምስጋናው ሁሉ የቱንቢ በለጠብኝ። እንዳለ ልገልብጠው፦ "የተከበራችሁ አባላት። ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም። እስካሁን ስለታገሣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። መፈለጊያው በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል፤ የሠራው ሰው ይመስገን። ስለ ራሴ ማወቅ ያለብኝን አገኘሁበት።"

አየህ? ያ ሁሉ ጥያቄ በአንድ መሣሪያ ተዘጋ። ለመሥራቹ ላኩለት። ለብሎንም ላኩለት። ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች።

ምክንያት አላት። እራት ላይ አማቴ ወደ እህታቸው ለመሄድ መቁረጣቸውን ነገሩን። ዝናቡ እስኪያባራ እንኳን አይጠብቁም። እሷ "ምን አጎደልንብህ፣ አባዬ?" ብላ ማልቀስ ጀመረች። "ምንም፣ ልጄ። ሰው ማስቸገር ይበቃኛል" አሏት። እኔም "እንዴ፣ አባባ፣ ማን ተቸገረ?" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። በሰላሙ ቀን ምን ነካቸው?

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ብሎን ደወለ። "ወንድሜ፣ ጓዳው ሜዳ ላይ ነው ያለው" አለኝ።

ቱቦ የፈነዳ መሰለኝ። ኮምፒውተሩን ስከፍት ገባኝ። የአንድ አባል ስም አስገብተው ሲፈልጉ በጓዳ ውስጥ ስለዚያ ሰው ያልነውም አብሮ ይመጣል። ሲጫኑት "አልተፈቀደልዎትም" ይላል፤ ግን ከሥሩ ሦስት አራት መስመር ቀንጭቦ ያሳያል። እኛ ደግሞ ሰው ስናማ ከሦስት መስመር አናልፍም። በኔ ቁልፍ ገብቶ ያነበበውን ሁሉ ለመጣው ሁሉ ሲያድል ሰነበተ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ አዛመድኳቸው።

ዘጋሁት። ማውጫውን ደመሰስኩት። አሁን ማንም መንገደኛ የሚያየውን ብቻ እንዲያነብ በእንግዳ መብት አስገብቼ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ አለች እናቴ፤ ስለ ሌላ ሰው ነበር የምትለው።

እሑድ

ይቅርታ ስጽፍ ዋልኩ። መሥራቹን ጓዳ ውስጥ "ንግግር አያልቅበቴ" እንለው ነበር፤ አይቶታል። ደውሎ ስለ ጉዳዩ ረጅም ሰዓት አነጋገረኝና ይቅር አለኝ። ሌሎቹም ተሳድበው ወጣላቸው። የቀረኝ ቱንቢ ነው። ያ ምስጋናው አሁን ሳነበው ሌላ ነው። "ስለ ራሴ ማወቅ ያለብኝን" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐሙስ ለት እንዴት አልገባኝም? አንብቤው ብቻ አይደለም፣ ለሰው አዙሬዋለሁ።

በግል ልጽፍለት የአባላቱን መግቢያ መዝገብ ስከፍት ሌላ ጉድ አየሁ። ቱንቢ ወደ ፎረሙ የሚገባው ከውጭ አይደለም። ከዚሁ ከቤታችን ዋይፋይ ነው።

ሰኞ

ጎረቤት ነው። የዋይፋያችንን ፓስወርድ ከየት እንዳገኘው እንጃ። በሰው ኢንተርኔት እየገባ ነው ለካ ያን ሁሉ ጥያቄ የሚያጎርፈው! ይቅርታውን ለጊዜው ያዝ አደረግሁት። ሥራ ከመሄዴ በፊት ፓስወርዱን ቀየርኩ። ይመጣል፣ ሲቸግረው ራሱ ያንኳኳል ብዬ።

ሰኞ፣ ማታ

አንኳኳ።

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው። ላፕቶፑን ከፍተው በሁለት እጃቸው እንደ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። "ልጄ፣ ላስቸግርህና" አሉ፣ "ከጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ። የአውቶቡሱን ሰዓት ላይ ብዬ ነበር።"

አዲሱን ፓስወርድ አስገባሁላቸው። ፊደሉ ትልቅ ነበር፣ እኔ በሁለት መስመር በነገርኩት መንገድ የተለቀ። ላፕቶፑን መለስኩላቸው። እሳቸውም "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሄዱ።

ማክሰኞ

ሥራ አልሄድኩም፤ አሞኛል አልኩ። ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄድኩ። አንዴ ልብስ እያጠፉ ነበር፣ አንዴ ተኝተው። አፍሬያለሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። 'ቤተሰቡ ምን ዓይነት ሰዎች ቢሆኑ ነው?' ብዬ ጓዳ ውስጥ የጻፍኩት እኔ፣ መልሱም እኔው ነኝ።

ረቡዕ

ባለቤቴ ልብሳቸውን ስትተኩስ አደረች። "አንተ ብትለምነው ይሰማህ ነበር" አለችኝ። "ያከብርሃል።" የተኮሰችውን ሸሚዝ አንሥቼ አጣጠፍኩ።

ሐሙስ

አውቶቡስ መነሻው ድረስ ሸኘኋቸው። እሷ ፋርማሲውን የምትተካላት ስላጣች ደጅ ላይ ነው የተሰናበተቻቸው፤ እዚያው ብታለቅስ ይሻላታል አሉኝ።

ሻንጣውን ካስጫንኩ በኋላ ጃንጥላዬን ዘርግቼላቸው ቆምኩ። ሹፌሩ ሻይ ይጠጣል። ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማላገኝ አውቄዋለሁ።

"አባባ፣ ቱንቢ እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም ነበር" አልኳቸው።

"እኔ ግን አንተ መሆንህን አውቅ ነበር" አሉ። "መልሱ ከመምጣቱ በፊት በግድግዳው በኩል ስታጉረመርም ይሰማኛል።"

"ታዲያ ለምን እዚያ? እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ።"

"ቤት ውስጥ ስጠይቅህ ቅዳሜ ትለኛለህ። እዚያ ብትቆጣኝም ወዲያው ትመልስልኛለህ።" ሳቅ አሉ። "ብዙውን ጊዜ መልሱን አውቀው ነበር። ያንን ፊደል ማተለቅ የቻልኩት በጠየቅኩህ ማግስት ሳይሆን በዋዜማው ነው።"

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ይሄን ስጽፍ ቀላል ነው፤ እዚያ ግን እንደገና ጀምሬ ነው የጨረስኩት። ይቆዩ፣ ሻንጣውን ላስወርደው፣ ዛሬውኑ እንመለስ አልኳቸው። ጃንጥላ በያዘ እጄ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ።

"ያ 'ይረከቡልን' ያለው ልጅ አሳቀኝ፣ እውነቴን ነው። ያንተ ግን ጥያቄ ስለነበረች ልመልስልህ አሰብኩ። ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ደስ አይልም። ስነካው ግን አልተፈቀደልዎትም አለኝ።"

"ምን ሊመልሱልኝ ነበር?"

ሹፌሩ መጣ። ደረጃውን ወጡና ዞር አሉ።

"ደህና ሰዎች ናቸው፣ ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው፣ ልል ነበር።"

አውቶቡሱ ከወጣ በኋላም ጃንጥላውን ዘርግቼ ቆሜ ነበር፤ ዝናቡ ካባራ ቆይቷል።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "መጨረሻ ላይ ምን አለህ?" የሚል ነበር።

"ደህና ሰዎች ናችሁ አሉን" አልኳት።

ደስ አላት።